ስለሚጮኸውና ዝም ስለሚለው ፋይል



ከሰርቨር ላይ ፋይል በቀዳን ቍጥር ኮምፒዩተሩ «ይህ ፋይል ሊጎዳህ ይችላል» እያለ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ሰው አፍርቷል። አንደኛው ሳያነብ «እሺ» የሚል ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያውን ከነጭራሹ የሚያጠፋ፥ ለጓደኞቹም የሚያጠፋላቸውና በዚህም እንደ ባለሙያ የሚመሰገን ነው። በኔ አሳብ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ይልቁንም ተመስጋኙ።

ኮምፒዩተሩ ስለ ምን ይጮኻል? ዊንዶውስ ፋይል የሚመጣበትን ስፍራ በቀጠና ይከፋፍላል። በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰርቨር በስሙ ብንጠራው የውስጥ መረብ ነው ብሎ ይቀበለዋል። በነጥብ በተለያዩት አራት ቍጥሮች ብንጠራው ግን ነጥቡን አይቶ ከኢንተርኔት የመጣ ይመስለዋል። እንግዲህ ሰርቨሩ ያው፥ ሽቦው ያው ሆኖ ሳለ በአጠራራችን ብቻ አንድ ጊዜ ዘመድ፥ አንድ ጊዜ ባዕድ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ በስሙ መጥራት ነው። ይህ ካልሆነ «ኢንተርኔት ኦፕሽንስ» ከፍቶ፥ «ሴኩሪቲ» ከሚለው ገብቶ፥ «ሎካል ኢንትራኔት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ የዚያን ሰርቨር አድራሻ መጻፍ ይበቃል። የዚያን የአንዱን ብቻ! መላውን የቍጥር ክልል በኮከብ ምልክት የሚያስገቡ አሉ። እነዚያ ቍጥሮች የትምህርት ቤታችን ርስት አይደሉም፤ የየሻይ ቤቱ ዋይፋይም ይሠራባቸዋል። ላፕቶፑን ይዞ እዚያ የተቀመጠ ወንድማችን ማንነቱን የማያውቀውን ሁሉ ዘመድ አድርጎ መዝግቧል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዊንዶውስ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ላይ የመጣበትን የሚናገር ምልክት ያስራል። ምልክቱ ግን የሚቀመጠው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ላይ ነው። አብዛኛው ፍላሻችን ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለ ሆነ፥ ፋይሉ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ምልክቱ ይወድቃል። ለመስቀል ወደ አገና የሚገባ ዘመድ ከአዲስ አበባ የሰበሰበውን ፊልም፥ ዘፈንና ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ እኛም ከክትፎው በኋላ ተቀብለን እንገለብጣለን፤ ኮምፒዩተሩም ቃል አይተነፍስም። ዝምታውንም የደኅንነት ምስክር አድርገን እንወስደዋለን! ከበዓሉ በኋላ ያው ፍላሽ ወደ ትምህርት ቤት ይመለስና ፎልደሮቻችን ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ስናገኛቸው «ሰርቨሩ ቫይረስ አለበት» እንላለን። በጮኸው ላይ ተቈጥተን ዝም ያለውን አቅፈን ገባን።

«መረባችን የታመነ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሳለሁ። ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቈለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የተሻገረው ፋይል በምንጋራበት በዚያው የዊንዶውስ መንገድ፥ በአሮጌው ዓይነት ውስጥ በነበረ ጕድለት በኩል ነው። ማንንም «እሺ» እንዲል አልጠየቀም። ጕድለቱን የሚደፍነው ማስተካከያ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ የተያዘው ያልጫነው ነው። በየሰፈራችን በጀፎረው ላይ ማንም ይሄዳል፤ የሄደበት ሁሉ ግን ጎጆ አይገባም።

ስለዚህ ማኅበራችን የኮምፒዩተር ክፍሉን ኀላፊዎች እንዲጠይቅ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የሰርቨሩ ስም በክፍሉ በር ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ቍጥሩ ይቅር። የመምህራን ፎልደር ለኛ ለማንበብ ብቻ ክፍት ይሁን፤ መጻፍ የሚፈቀድልን በሌላ ፎልደር ይሁን። በበሩ አጠገብ ላለው አንድ ኮምፒዩተር የፍላሽ መመርመሪያነት ሥራ ይሰጠው፤ ማስተካከያዎችም ሳይዘገዩ በሁሉም ላይ ይጫኑ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ከነዚህ ውስጥ የለም። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዞ የሚዞር ወንድማችን ግን የኀላፊዎቹን መልስ አይጠብቅ፤ ዛሬ ማታ ሁለተኛ ቅጂ ያውጣ።