በውርጭ ወራት ስለሚሠራ የቤትና የጓሮ ሥራ

ክረምቱ አልፎ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ የውርጭ ወራት ይገባል። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ ብርዱ ሲወርድ፣ በነፋስ መውጫም ነፋሱ ሲያፏጭ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ወደ እሳት ይጠጋል። ነገር ግን ቤት ለማደስና ጓሮ ለማልማት ከኅዳርና ከታኅሣሥ የተሻለ ጊዜ የለም። በሰኔ የሚያፈስ ጣራ ለመጠገን መሯሯጥ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ይሆናል።

ሥራው ከየት ይጀመር? ብዙዎቻችን እንግዳ የሚያየውን እናስቀድማለን። እኛም ከዚህ ጥፋት አላመለጥንም። አምና እልፍኙን ኖራ አስቀብተን ደስ ብሎን ስንቀመጥ፣ ባለቤታችን ዐይናቸው እንባ አቅርሮ እየሳሉ ከማድ ቤት ወጡ። ከዚያ ወዲህ የእልፍኙ ንጣት ኀፍረት እንጂ ክብር አልሆነልንም።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል በአዲስ አበባና በሌላውም ስፍራ ልማድ ሆኗል። መንደሩ በዓመት አንድ ቀን ይታጠናል፤ እናቶችና ሕፃናት ግን በማድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ይታጠናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በቤት ውስጥ ጢስ የሚያድጉ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዛቸው ዕድል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ነፋስ መውጫ የሚባል ከተማ ባለበት አገር፣ ጢስ መውጫ የሌለው ቤት ሊኖር አይገባም።

ማድ ቤቱ ከመኝታው ቢለይ መልካም ነው። ከጣራው ክፈፍ ዝቅ ብሎ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ይከፈቱ፤ አንዱ ነፋስ ሲያስገባ ሁለተኛው ጢሱን ያወጣልና። ብርዱ ሲበረታ የሚዘጋ ሳንቃ ይደረግላቸው። ማገዶውም ከአሁኑ ተፈልጦ ፀሐይ ይምታው፤ እርጥብ እንጨት ጢሱ ይበዛል።

ቀጥሎ ግድግዳውና ጣራው ነው። አዲሱ የጤፍ ጭድ ከአውድማ ሲወጣ፣ ከጭቃ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቡካ። በዚህ ወራት የተለሰነ ግድግዳ ዝናብ ሳያገኘው በደንብ ይደርቃል። ቤቱ የሣር ክዳን እንደ ሆነ፣ ሣሩ ከብት ሳይበላው ይታጨድ፤ ቆርቆሮ እንደ ሆነ፣ የላላው ምስማር ይጥበቅ።

ጓሮውን በሚመለከት፣ ጎመኑና ሽንኩርቱ በዕቃ እጣቢ ውሃ ሊለማ ይችላል፤ ሳሙና የበዛበት ግን አይፍሰስበት። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ውርጭ ይጥላልና፣ በደጋው ችግኙን ማታ በሣር ሸፍኖ ጧት መግለጥ ይገባል። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚያዘቀዝቀው የስማዳ ቆላ ግን፣ የችግኙ ጠላት ውርጭ ሳይሆን ድርቀት ስለ ሆነ፣ ሣሩ በሥሩ ተነጥፎ እርጥበቱን ይጠብቅ። ባሕር ዛፍም ውሃ ይሻማልና ከአትክልቱ ይራቅ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ከሚገባበት ጀምሮ እስከ ልደት በዓል ድረስ ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በበዓሉም እንግዶቻችንን ስንቀበል፣ የቤቱ እመቤት ሳይስሉ ከገበታው ቢቀመጡ ከማናቸውም ጌጥ ይበልጣል። እኛም ዘንድሮ መስኮቱን አስከፍተናል፤ ኖራው ይቆየን።