የሩብ ዓመቱ ቁጥር በመጀመሪያ ለማን ይታይ?

የሚወዛወዝን ፔንዱለም አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለ እንቅስቃሴው መናገር እንደማይቻል ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ያውቃል። ፎቶግራፉ ሐሰት አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ፔንዱለሙ በእርግጥ እዚያ ነበር። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚያች ቅጽበት ተነሥተን የቀረውን ጊዜ ሁሉ ስንተርክ ነው። ይህ ስሕተት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሱቅ ሲያዘጋ በአገራችን ታይቷል።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ቅሬታ ተነሣ፤ በአንዳንድ ከተሞች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውሞ አሰሙ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ደረጃ «ሐ» ማለት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ሲሆን፣ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም። መዝገብ ከሌለ መለኪያ የለም፤ መለኪያ በሌለበት ደግሞ ገማች ይመጣል። ስለ ፍትሕና ስለ ፖለቲካ ብዙ ተብሏል፤ የዚህ ጸሐፊ ሙያ የሚፈቅደው ግን ከሥሩ ስለነበረው የልኬት ችግር መናገርን ነው።

ነገሩን በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተር በሆነችው በቢዮ አዋሌ አንድ ሱቅ አስበን እናስላው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ገበያ ይቆማል እንበል፤ በገበያ ቀን ሽያጩ 2,800 ብር፣ በቀሩት አምስት ቀናት 700 ብር ነው። የሳምንቱ ድምር 9,100 ብር፣ የ52 ሳምንቱ ደግሞ 473,200 ብር ይሆናል። ይህ ነጋዴ በዚያ አዋጅ ደረጃ «ሐ» ነው። ገማቹ በገበያ ቀን መጥቶ ያየውን ቢያባዛው ግን 1,019,200 ብር ያገኛል፤ ይህም ከ1,000,000 ብር በላይ በመሆኑ ሰውዬውን ሙሉ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ ወደሚገደደው ደረጃ «ሀ» ይወረውረዋል። በሌላ ቀን ቢመጣ 254,800 ብር ብቻ ጽፎ ይሄዳል። ሱቁ ያው አንድ ሱቅ ነው። ገማቹ አልዋሸም፤ ነጋዴውም አልዋሸም። የማሽላው መከር የሚሰበሰብበትን ወቅትና የዝናቡን መዘግየት ከጨመርንበት ውዝዋዜው ከሳምንት ወደ ወራት ይሰፋል። (የደረጃዎቹ አከፋፈል በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የአዋጅ ማሻሻያ ተለውጧል፤ የልኬቱ ችግር ግን በአዋጅ አይሻርም።)

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ በዓለም እየተሞከረ ካለው አንዱ በየሩብ ዓመቱ በሶፍትዌር የሚላክ የገቢ መግለጫ ነው። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2026 ጀምሮ በራሳቸው ሥራ ወይም በቤት ኪራይ ከ50,000 ፓውንድ በላይ ጠቅላላ ገቢ ያላቸው ሰዎች መዝገባቸውን በዲጂታል መንገድ እንዲይዙና የገቢና የወጪ ድምራቸውን በዓመት አራት ጊዜ እንዲልኩ ተደንግጓል። ወለሉ በ2027 ወደ 30,000፣ በ2028 ወደ 20,000 ፓውንድ እንዲወርድ ታቅዷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። በመጀመሪያ፣ የሩብ ዓመቱ መግለጫ ግብር መክፈያ አይደለም፤ የመጨረሻው ስሌት በዓመቱ መጨረሻ ይደረጋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መግለጫ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ያለውን ድምር ስለሚይዝ በአንዱ ሩብ የተሳሳተ በሚቀጥለው ሊያርም ይችላል። አሳቡ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። ኮምፒዩተር በየቤቱ በገባበት አገር ከአሳብ እስከ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል፤ «በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ዲጂታል እናደርጋለን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱት።

አንባቢ «አራት ጊዜ መለካት ከአንድ ጊዜ ይሻላል፣ ነገሩ ይኸው ነው» ይል ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በሰባት ቀን የሚመላለስን ውዝዋዜ ለመያዝ በሰባት ቀን ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ናሙና መውሰድ እንደሚያስፈልግ ናይኩዊስትና ሻነን ያስተማሩን ነው፤ በዓመት አራት ናሙና ለዚህ ከምንም አይቆጠርም። በፊልም ላይ የሠረገላ መንኰራኵር ወደ ኋላ የሚሽከረከር መስሎ የሚታየን ናሙናው ስላነሰ ነው። የሩብ ዓመቱ መግለጫ ጠቀሜታ ያለው ናሙና ሳይሆን ድምር፣ በሂሳብ ቋንቋ ኢንተግራል፣ ከሆነ ብቻ ነው። ድምር የሚሆነው ደግሞ እያንዳንዱ ቀን በዕለቱ ሲመዘገብ ነው። ነጋዴው የሦስት ወሩን ነገር በመጨረሻው ሌሊት ከትዝታው እየቀዳ የሚሞላ ከሆነ፣ የተለወጠው የገማቹ ማንነት ብቻ ነው።

ትዝታ ደግሞ የዘፈቀደ ስሕተት ብቻ ቢሠራ ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ስሕተት ሲደመር ይቻቻላል። የነጋዴ መርሳት ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ለጫኝ የተከፈለች 50 ብር፣ በመንገድ የተበላሸ የቲማቲም ሣጥን፣ ያልተመለሰ ዱቤ፣ እነዚህ ትናንሽ ወጪዎች ይረሳሉ፤ ትልቁ ሽያጭ አይረሳም። ይህ በቤተ ሙከራ ሥርዓታዊ ስሕተት የምንለው ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አይጠራም። ጉዳቱም የሚያርፈው በነጋዴው ላይ ነው።

አገራችን ለዲጂታል ልኬት እንግዳ አይደለችም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየመደብሩ ገብቷል፤ ሽያጩን ይመዘግባል፣ መረጃውን በስልክ መስመር ለግብር ሰብሳቢው ያስተላልፋል፣ ማታ የዕለቱን መዝጊያ ሪፖርት ያትማል። ነገር ግን የሚያውቀው ሽያጭን እንጂ ወጪን አይደለም፤ ከየትኛው ዕቃ ምን እንደተረፈ ለባለቤቱ አይነግረውም። የዕለቱ ሪፖርት ተጠቅልሎ ለተቆጣጣሪ ይቀመጣል። መረጃው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል፤ ነጋዴውም መሣሪያውን የሚያየው በገዛ ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠ የሌላ ሰው ዓይን አድርጎ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሩብ ዓመቱን ሶፍትዌር ከማሰባችን በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ቁጥሩ በመጀመሪያ የሚታየው ለማን ነው?

በቢዮ አዋሌ ባየሁት አንድ ሱቅ መደርደሪያው ሥር የተንጠለጠለ፣ ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር ነበር። ባለሱቁ ማን ምን እንደወሰደና መቼ እንደሚከፍል በራሱ ምልክት ይጽፍበታል። ማንም አላስገደደውም፤ ማንም አይመረምርለትም። ይህ ሰው መዝገብ አያውቅም ማለት አይቻልም። የሚጽፈው ስለሚጠቅመው ነው። ሶፍትዌሩ የዚህ ደብተር ልጅ ሆኖ ከተወለደ ይኖራል፤ የመመሪያ ልጅ ሆኖ ከተወለደ ግን የሐሰት ቁጥር ይመገባል። ማታ ማታ «ዛሬ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል በዱቤ ቀረ» የሚል መልስ ለባለቤቱ ይስጥ፤ በሩብ ዓመቱ ማብቂያ ከዚያው መዝገብ ድምሩን ብቻ ባለቤቱ አይቶ ይላክ።

«ነጋዴ እውነቱን አይጽፍም» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ የሚደብቅ ሁልጊዜ ይኖራል። ሆኖም የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ውሳኔ ስሕተት መሆኑን የማስረዳትን ሸክም የጫነው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። የተጋነነ ግምት የመጣበት ሰው እጁን ይዞ አቤት ቢል የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። በየቀኑ የተጻፈ፣ ቀኑ ሊቀየር የማይችል መዝገብ ያለው ግን የገበያውን ቀንና ባዶውን ቀን ለይቶ ያሳያል። እውነቱን መጻፍ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

ውድ ስልክና ያልተቋረጠ ኢንተርኔት ያስፈልጋል የሚለው ደግሞ መሐንዲሶች ሳያስቡ የሚደግሙት ነው። የሩብ ዓመት መግለጫ ጥቂት ድምሮች ናቸው። አንድ የስልክ አጭር መልእክት 160 የላቲን ፊደላትና አኃዞች ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ። ስለዚህ ገጹ ለነጋዴው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ይነበብ፤ የሚላከው ግን አኃዝ ብቻ ስለሆነ በአንድ መልእክት ይጠቃለላል። ኔትወርክ ቢጠፋ ስልኩ ይዞት ይቆያል፤ ሲመለስ ይልከዋል። የብሪታኒያው ሕግ እንኳ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በመኖሪያ ስፍራ ምክንያት ዲጂታል መንገድ ለማይቻላቸው ሰዎች ነጻ የመሆን መብት ሰጥቷል፤ እኛ ከዚያ የጠበበ በር ልናበጅ አይገባም። የመረጃው አላላክ ደንብ በገቢዎች ሚኒስቴር በይፋ ቢታተም ደግሞ ፕሮግራሙን አንድ ኩባንያ ብቻ ሸጦ አይከብርበትም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሊጽፉት ይችላሉ።

ለመጻፍ የሚነሡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰናከሉባትን ድንጋይ ከወዲሁ ላመልክት። ከውጭ የመጣ ማንኛውም የሂሳብ ፕሮግራም ዓመቱን ለአራት ሲከፍል ሦስት ሦስት ወር ይቆጥራል። የእኛ የበጀት ዓመት ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም ተደምረው የመጀመሪያው ሩብ 95 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96። የቀሩት ሦስቱ ሩቦች 90፣ 90፣ 90 ናቸው። የቀን አማካይ ለማግኘት ሁሉንም በ90 የሚያካፍል ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሩብ ከአምስት በመቶ በላይ አጋንኖ ያሳያል፤ ያም ለዘመን መለወጫ ገበያው በደራበት ወቅት መሆኑ ነው። ኮዱን ከዚህ ጀምሩ፤ የጳጉሜንን ቀናት ለብቻቸው ቆጥራችሁ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ፈትኑት፣ ስድስት ቀን ነበረችና።