የይፋት ሙቀትና የኢንሱሊን ብልቃጥ

አይጥ ኢንሱሊን የምትሠራባቸው ሁለት ጂኖች አሏት፤ እኛ ያለን አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሁለቱ አንዱን ሲያጠፉባት አይጧ ጤነኛ ሆና ኖረች፤ የቀረው ጂን የጎደለውን ሸፈነላት። ሁለቱም የጠፉባቸው አይጦች ግን በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በስኳር በሽታ አለቁ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ጂኖች የሚሠሩበት ቦታ አንድ አይደለም። አንደኛው ቆሽት ውስጥ ባሉት ቤታ ህዋሳት ሲወሰን፣ ሁለተኛው ደረት ውስጥ ባለው ታይመስ በተባለ ዕጢም በጥቂቱ ይሠራል። ታይመስ የሰውነት መከላከያ ህዋሳት የሚሠለጥኑበት ነው፤ ኢንሱሊንን እንደ ጠላት የሚያዩት እዚያው ተለይተው ይወገዳሉ። ለስኳር በተጋለጠ የአይጥ ዘር ላይ ይህ ሁለተኛው ጂን ሲጠፋ በሽታው ፈጥኖ መጣ። ሰውነት የራሱን ቆሽት ለምን እንደሚያጠቃ ፍንጭ ከሰጡን ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ይፋት ውስጥ ላለ የሸዋ ሮቢት ሰው ይህ ምኑ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ጉዳዩ ነው እንጂ! ቤታ ህዋሳቱ የሞቱበት ልጅ በሕይወት የሚቆየው ጂኑ ሌላ ቦታ ስለሚሠራለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የሰው ኢንሱሊን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ ከተደረገ ወዲህ፣ ኢንሱሊን በባክቴሪያና በእርሾ ይመረታል። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ እስኪከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ከጣርማበር ብርድ ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላ ሲገባ ግን የሚጠብቀው ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ነው።

ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በማሾና በሽንኩርት ማሳ መካከል ባለ ቤት ማቀዝቀዣ ከየት ይመጣል? እኔ ያየሁት ብልቃጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞ ጓዳ ውስጥ ከውሃ እንስራ ሥር ተቀምጧል። እናቲቱ ጨርቁን ጠዋትና ማታ ታረጥበዋለች። ያደረገችው ከንቱ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬንያ ውስጥ በስደተኞች ጣቢያ ቤቶች የለኩትን ሙቀት ይዘው ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አላጣም።

የጂኖቹን ሥራ ያሳየችን የላቦራቶሪ አይጥ ግን በ22 ዲግሪ ገደማ፣ ጠግባ ነው የምትኖረው። ሙቀትና ረሃብ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን እሷን አይተን አናውቅም። የጎንደር ሐኪሞች ከሲታ በሆኑ የገጠር ድሆች ላይ የሚታየውን ስኳር ለዓመታት ሲጽፉበት ኖረዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የራሳችንን ጥያቄ ራሳችን ካልጠየቅን የሚጠይቅልን ዘግይቶ ይመጣል።

ለይፋት ቅርቡ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹ በሞቃቶቹ ወራት ቴርሞሜትር ይዘው ይውረዱ፤ በእንስራ ሥር፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ድርብ ሸክላ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም ይለኩ። ጤና ጣቢያዎችም ለታማሚው የወር የወሩን እየሰጡ መጠባበቂያውን በማቀዝቀዣቸው ያቆዩለት። የልኬቱ ውጤት በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይለጠፍ።