ጥርስን ስለሚያቀናው ግልጽ ሽፋን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከወሎ ሰፈር የተላከ የአንዲት እናት ጥያቄ ይገኛል። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው የታች የፊት ጥርሶቿ ተደራርበው በቅለዋል፤ የላዮቹ ደግሞ ፍንጭት ናቸው። ልጅቱ በምትሥቅበት ጊዜ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለች። አሜሪካ የሚኖሩት አክስቷ ይህን ሰምተው፣ በሽቦ ፋንታ በዐይን የማይታይ የፕላስቲክ ሽፋን በፖስታ ሊልኩላት ተስፋ ሰጥተዋል። እናቲቱም «ልቀበል ወይስ ልተው?» ይላሉ። ነገሩ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ እየሆነ ስለ መጣ መልሱን በዚሁ ዐምድ ማውጣቱን መረጥን።

አስቀድሞ ጥርስ እንዴት ከቦታው እንደሚነቃነቅ ማወቅ ያሻል። ጥርስ እንደ ምሰሶ በአጥንት ውስጥ ተቸንክሮ የቆመ አይደለም፤ በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል ስስ ጅማት አለ። በጥርሱ ላይ ለስላሳና የማያቋርጥ ግፊት ያረፈ እንደ ሆነ፣ በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት ጥቂት በጥቂት እየሟሟ መንገድ ይለቃል፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ሁሉ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ ዝግ ያለ ሥራ ነው። ግፊቱን በማብዛት ላፋጥነው ያለ ሰው የጥርሱን ሥር ይጎዳል። ሽቦውም ሆነ ፕላስቲኩ የሚያዙት ለዚሁ ለአንዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

አላይነር የሚባለው ግልጽ ሽፋን አሳቡ ከታሰበ ቆይቷል፤ ሃሮልድ ኬስሊንግ የተባሉት አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 ጥርስን ወደ ቦታው የሚገፋ የጎማ ልባስ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ገልጸው ነበር። ነገር ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ በእጅ አዲስ ቅርጽ ማውጣት አድካሚ ነበርና ብዙ አልተስፋፋም። ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ እ.ኤ.አ. በ1997 አላይን ቴክኖሎጂ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ ይህን ድካም ለኮምፒዩተር ሰጡት፤ ኢንቪዛላይን ያሉት ሥራቸውም በ1998 የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ አገኘ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የአፉ ቅርጽ ይነሣል፤ ኮምፒዩተሩ ከዛሬው አቀማመጥ እስከሚፈለገው ድረስ ያለውን መንገድ በትንንሽ እርምጃ ይከፋፍለዋል፤ ለየእርምጃው አንድ ሽፋን ይሠራል። አንዱ ሽፋን ጥርሱን የሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያራምደዋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላም በሚቀጥለው ይተካል።

«በዐይን የማይታይ» የሚለው ቃል ግን ግማሽ እውነት ነው። ፕላስቲኩ ጥርሱን ጨብጦ እንዲያዞረው ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ጕብታዎች በጥርሱ ላይ ይለጥፋል፤ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ይታያሉ። ደግሞም ሁሉን አይችልም። መጠነኛ መደራረብን፣ ክፍተትንና ማዘንበልን በደኅና ያቀናል፤ ክብ የሆነውን ክራንቻ ማዞርና ጥርስን ከድድ ወደ ውጭ መሳብ ግን ለሽቦው ይቀለዋል። ጉድለቱ ከራሱ ከመንጋጋው አጥንት ከሆነ ሁለቱም ብቻቸውን የማይበቁበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ፖስታው እንመለስ። የተከበሩ እመቤት፤ ምክራችን አይቀበሉ ነው። ያለ ሐኪም ዐይን ሽፋን እየላከ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲዘጋ፣ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ሰዎች ጅምራቸውን ይዘው ቀርተዋል። ከዚህም የሚብሰው፣ በፖስታ የሚመጣ ነገር ራጅ አንሥቶ የሥሩን ርዝመት አያይም፤ የታመመ ድድና የተበላ ጥርስ አስቀድሞ ይታከም አይልም። በታመመ ድድ ላይ ጥርስን መግፋት መሠረቱ የላላን ቤት እንደ መግፋት ነው። በሰፈርዎ በቦሌ መንገድ ዳር የጥርስ ሐኪም ሰሌዳ አይጠፋም፤ አክስቲቱ የመደቡት ገንዘብ በዚያ ቢውል ይሻላል። ሲገቡም «ጥርስ ማቃናትን በልዩ ትምህርት የተማረ ሐኪም አለን?» ብለው መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታናናሾች ካሏት ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፤ መደራረብ ከአባት ከእናት የሚወረስ ቢሆንም በእኛው እጅ የሚመጣም አለ። የወተት ጥርስ ለተተኪው ቦታ ጠባቂ ነው፤ ተበልቶ ያለ ጊዜው የወለቀ እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ግግ ነው እየተባለ የሕፃናት ድድ የሚቦረቦርበት ልማድማ ከሥር ያለውን የቋሚ ክራንቻ እሸት እስከ ማበላሸት ይደርሳል፤ ሕፃኑንም ለደም መፍሰስና ለቍስል ይዳርጋል።

ስለ ፍንጭቱ ግን አንድ ነገር እንበል። በአገራችን ፍንጭት የተመኙት እንጂ የሸሸጉት መልክ አልነበረም፤ ለሐኪምም ቢሆን ክፍተቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። በቀላሉ ይዘጋል፤ በቀላሉም ተመልሶ ይከፈታል፤ ስለዚህ የዘጋ ሰው ማቆያውን ሌሊት ሌሊት ለብዙ ዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ ማድረግ ይኖርበታል። የታቹ መደራረብ ምግብ እየያዘ ድድ የሚያስቈጣ ነውና መቃናቱ ይጠቅማታል። የላዩን ልጅቱ ራሷ ታስብበት፤ የሚያሳፍራት ፍንጭቱ ይሁን የታቹ መደራረብ፣ እስኪ ረጋ ብለው ይጠይቋት።

ሕክምናው ከተጀመረ ፈተናው በቤት ውስጥ ነው። ሽፋኑ በቀን ከሃያ እስከ ሃያ ሁለት ሰዓት ከአፍ መለየት የለበትም፤ ከውሃ በቀር የሚበላና የሚጠጣ ሁሉ ሲመጣ ደግሞ ይወልቃል። በእኛ ቤት አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፣ በየመካከሉም ቈሎው ብቻ የሁለቱን ሰዓት ዕረፍት ሊፈጅ ይችላል! በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ሰው ቀኑ የቀለለ ነው። ልጅቱ ቡናውን ከምሳዋ ጋር አያይዛ ብትጠጣ፣ አፏንም አጥባ ሽፋኑን ቶሎ ብትመልስ መልካም ነው። ባወለቀች ጊዜ በማስቀመጫው ታኑረው፤ በሶፍት የተጠቀለለ እንደ ሆነ ከማዕዱ ትራፊ ጋር ተጠርጎ ይጣላል። የሚታጠበውም በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ነው፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል።