ቀስ ለሚለውም ሕግ ያስፈልገዋል



መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወሬ ከመኪና አልፎ ወደ ባጃጅና ወደ ባለባትሪ ብስክሌት ወርዷል። እኛ ነገሩን እንደግፋለን። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። የጉና ብርድ ባትሪው በአንድ ሙሌት የሚሄደውን ርቀት ቢያሳጥርም፣ ከግቢ ገበያ ለሚደረግ ጉዞ ይበቃል። ለቤንዚን መሰለፍም ይቀራል።

ሆኖም «ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሕግ አያስፈልገውም» የሚለውን አንቀበልም። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ፣ ክብደቱ እኩል ሆኖ በ50 ከሚሄደው አንድ አራተኛውን ጉልበት ብቻ ይይዛል። በሰፈር ውስጥ መንገድ ይህ ረሕመት ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ግን ያው ዝግታ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ሲመጣ ለተሳፋሪው አደጋ ይሆናል። ድምፅ ስለሌለው ደግሞ አህያ የሚነዳው ገበሬም ሆነ ዓይነ ስውር ወንድማችን መምጣቱን አይሰማም።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር እነዚህ ተሽከርካሪዎች የሚሄዱባቸውንና የማይሄዱባቸውን መንገዶች፣ የፍጥነታቸውንም ጣሪያ ለይቶ ያሳውቅ እንላለን። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ ለትንንሾቹ እንዴት እንደሚሠራ ግልጽ ይደረግ። ሠርቶ አዳሪው ወጣት በወረቀት ብዛት ይማረራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ክፍያው ዝቅ፣ አሠራሩም አጭር ይሁን። ሰሌዳ የሌለው ተሽከርካሪ ሰው ገጭቶ ቢያልፍ ግን በምን ይፈለጋል? የተጎጂውስ ሐቅ የት ይወድቃል?

ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው እንኳ የመንገድን ሐቅ እንዲጠብቅ፣ ሰውን ከማስቸገርም እንዲታቀብ አስተምረዋል። በመንገዱ ላይ ለሚነዳው ግዴታው የበለጠ ይከብዳል። እኛ ተሳፋሪዎችም ድርሻ አለን፦ ለጁሙዓ ብንቸኩል እንኳ ከልክ በላይ አንጫን፤ ሾፌሩንም «ንዳው» አንበል።

አላህ ከመንገድ አደጋ ይጠብቀን።