ቡናው ከጊምቢ፣ ትርፉ ከደሴት

«ገንዘቡን ውጭ ያስቀመጠ ብልጥ ነው» የሚል ወሬ በነቀምት ካፌዎች ደጋግመን እየሰማን ነው። ወንድሞችና እህቶች፣ የማን ብልጠት? በማን ኪስ?

ካሪቢያን ውስጥ ኬይማን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ዩግላንድ ሃውስ የተባለ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አላቸው። የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲያጣራ 18,857 ድርጅቶች አድራሻቸው እዚያ ሆኖ አገኘ። አምስት ፎቅ! የብሪታኒያ ቨርጂን ደሴቶችም ነዋሪያቸው የነቀምትን ግማሽ አያክልም፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኩባንያ ሕግ ነው በዚሁ ንግድ የገነኑት። ሸቀጣቸው ዝምታ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አይናገሩም፣ ግብርም አይጠይቁም።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የወለጋን ቡና የዓለም ገበያ «ለቀምት» እያለ ይገዛዋል። እንበልና ኪሎው 6 ዶላር ያወጣል። ላኪው ደሴቱ ላይ በሌላ ስም ላቋቋመው የራሱ ድርጅት በ4 ዶላር ይሸጥለታል። ቡናው በጅቡቲ አድርጎ በቀጥታ አውሮፓ ይገባል፤ ደሴቷን አያያትም፣ የምታልፍባት ወረቀቷ ብቻ ናት። እዚያ ዋጋው 6 ይሆናል። ሁለቱ ዶላር አገር ቤት አይመጣም፣ ግብርም አይነካውም። አስመጪው ደግሞ ተገላቢጦሹን ይሠራል፦ የ4ቱን ዕቃ 6 አስብሎ ልዩነቱን እዚያው ያስቀራል።

ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ ከ2000 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከኢትዮጵያ በሕገ ወጥ መንገድ 11.7 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል። በ2009 ብቻ 3.26 ቢሊዮን! አገሪቱ በዚያ ዓመት ሸቀጥ ልካ ያገኘችው ከዚህ ያንሳል።

አሁን 2009 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ግብር ሰብሳቢ በየሱቁ ዞሮ «የቀን ገቢህ ይህን ያህል ነው» ብሎ በግምት ጫነ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ባለ ሻይ ቤቷ ገቢዋን የምትደብቅበት ደሴት የላትም። «መንግሥት ስለሚያባክነው ነው የምንሸሸው» የሚሉ አሉ። ብክነቱን አንክድም። ግን ትልቁ ሲሸሽ ጉድለቱ የሚሞላው ከእሷ ነው። (በሁለት ደረሰኝ የምንሸጥ እኛም ራሳችንን እንይ፤ ለዘካ ሲሆን እንኳ ሀብታችንን በትክክል የምንቆጥር ስንቶቻችን ነን?)

ምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒ ላይ የወርቅ ማዕድን አለ። ኢትዮጵያ የማዕድን ገቢን ይፋ የሚያስደርገውን ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ተቀላቅላለች። የማኅበሩ ደንብ ከ2020 ወዲህ የማዕድን ድርጅቶች እውነተኛ ባለቤቶች በስም እንዲታወቁ ይጠይቃል። እንግዲህ ቡና ላኪውም አስመጪውም በዚሁ ደንብ ይግባ። የድርጅቱ ስም ብቻ ሳይሆን የሰውየው ስም፣ ማንም የነቀምት ወጣት ሊያነበው በሚችል መዝገብ ላይ ይጻፍልን።