ከሞት በፊት የሚደርስ እድር

በሜልበርንና በሲድኒ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል እየሰማን አደግን። አብዛኞቻችን ግን ወንዝ ሲሞላ ከዳር ቆመን ከማየት በቀር ከውኃ ጋር ብዙ አልተዋወቅንም። ዛሬ ልጆቻችንን በበጋ የምንወስዳቸው ወደ ውቅያኖስ ነው። እዚያ የሚያሳስቀው ደግሞ የሚያጓራው ማዕበል ሳይሆን፣ በማዕበሎቹ መካከል ጸጥ ብሎ ጠቆር ያለው ቦታ ነው። ዋና የማያውቅ ሰው ያንን መርጦ ይገባል፤ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ፍሰትም ያለው እዚያው ነው።

አገሬውም ይህን በሞት ነው የተማረው። በሲድኒ በቀን ብርሃን ባሕር መግባት ለረጅም ዘመን በሕግ ክልክል ነበር። በፈረንጆቹ 1902 ዊልያም ጎቸር የተባለ የማንሊ ጋዜጣ ባለቤት አስቀድሞ በጋዜጣው አስነግሮ በጠራራ ፀሐይ ገባ። ክልከላው ላላ፤ ሕዝቡ ጎረፈ፤ የሚሰምጠውም በዛ። በ1907 የቦንዳይ ዋናተኞች ተሰባስበው የነፍስ አድን ክለብ አቋቋሙ። (ጎረቤታቸው ብሮንቴ «እኛ በ1903 ቀድመናል» ይላል፤ ክርክሩን ለእነሱ እንተወው።)

የቦንዳዮቹ መሣሪያ የገመድ ማጠንጠኛ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ላይስተር ኦርምስቢ ናሙናውን በክር ማጠንጠኛና በፀጉር ሽቦ እንደሠራው ይነገራል። አንዱ ቀበቶ ታጥቆ ይዋኛል፤ የቀሩት አሸዋው ላይ ቆመው ገመዱን ይለቁለታል፤ የሚሰምጠውን ሰው ሲይዝ ሁለቱንም ይጎትታሉ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938፣ እሑድ፣ ተከታታይ ማዕበል በቦንዳይ ብዙ ሕዝብ ጠርጎ ወሰደ። 5 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ግን በእነዚያ በጎ ፈቃደኞች እጅ ወጡ።

የእኛ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ የሚደርሰው ግን ከሞት በኋላ ነው።

ዛሬ በአውስትራሊያ ከ300 በላይ የነፍስ አድን ክለቦች አሉ። «ኒፐርስ» የሚሉት ፕሮግራም ልጆችን ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ ይቀበላል። ነፍስ አድን ለመሆን ግን 15 ዓመት መሙላትና 400 ሜትር በ9 ደቂቃ መዋኘት ያስፈልጋል፤ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው፣ ለእኔም ጭምር። ክለቦቹ ግን ሬዲዮ የሚይዝና የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጥ ሰውም ይፈልጋሉና ሰበብ የለንም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ የልጆች የዋና ትምህርት ክፍያ አጀንዳ ይያዝ። ወጣቶቻችንም ይመዝገቡ።

እስከዚያው ልጆቻችሁን በቀይና ቢጫዎቹ ባንዲራዎች መካከል ብቻ አስገቡ። ከእኛው አረንጓዴው ብቻ የጎደለ ነውና አይጠፋችሁም።